ስፒከሩ ከካርቶን የወጣ ቀን

ወረታ ላይ ስፒከር የሚሸጥ ሰው በድሎኛል። ደህናውን ስፒከር «ሳትሰማ ግዛ» አለኝ።

ሦስት ገበያ ተመላልሻለሁ። ሦስቴም መለሰኝ! የዛሬውን ውርደቴን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ለምጀዋለሁ።

አባቴ አምና አረፈ። ድምፁ ግን ስልኬ ውስጥ አለ፤ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ሲያርስ ለበሬው ሲያንጎራጉር የቀዳሁት። እናቴ «ልስማው» ትላለች። ጆሮዋ ደክሟል፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብለጥፈውም አይሰማት።

ዛሬ እሷኑ ይዤ ሄድሁ። መደርደሪያ ላይ ያሉትን ትንንሾቹን አንድ በአንድ ሞከርን።

እናቴ አዳመጠችና ምን አለች?

«ዝናብ ጣለ እንዴ?»

«ያንን ትልቁን ክፈተው» አልሁ፤ ከላይ በካርቶኑ የተቀመጠውን።

«አልከፍትም።»

«በሬ እንኳ ተጠምዶ ታይቶ ነው የሚገዛ!»

«በሬው ተጠምዶ ቢመለስ ያው በሬ ነው። ይሄ ከካርቶን ከወጣ አሮጌ ነው። ሰው ይሰማል፣ ያደንቃል፣ ‹ባሕር ዳር አይቼ ልምጣ› ብሎ ይሄዳል። እኔ ከአቧራው ጋር እቀራለሁ። ለዚህ ነው ደህናውን አንድ ብቻ የማመጣ።»

እውነቱን ነው። እውነት የተናገረኝን ሰው መቼ ወድጄ አውቃለሁ? ሰደብሁት!

እናቴ ፊታችንን አየች። «ምን ሆናችሁ?» ጮኼ ነገርኋት።

ወደ ነጋዴው ዞረች። «ልጄ፣ የባሌ ድምፅ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ክፈተው።»

ቢላዋ አነሳ። (ካርቶኑን ሊቀድ ነው፣ አትደንግጡ!)

ከዚያማ አባቴ ወረታ መሃል ቆመ!

«ና ቦራው! ና የኔ ጌታ!»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገበያተኛው በሩ ላይ ተኮለኮለ።

እንጉርጉሮው ሲያልቅ ላጠፋው ነበር። ለካ ያን ቀን ውሃ ላመጣ ስሄድ ስልኩ መቅዳቱን አላቆመም! አባቴ ቀስ ብሎ ለበሬው ያወራል። ስልኬ ብቻውን ይሄንን አሰምቶኝ አያውቅም።

«ቦራው፣ ይሄ ልጅ ፊደል ቆጠርሁ ብሎ እህቱ ከአዲስ አበባ የላከችውን መልእክት ያነብልኛል። ‹አባቴ ዓለሜ፣ አንተን ያኑርልኝ› ትላለች ይለኛል። እሷ እንዲህ አትል! የሷ ነገር ሩዝ ላኩ፣ በርበሬ ላኩ ነው። ከራሱ እየጨመረ እኮ ነው። በገዛ አፉ ማለት አቅቶት። እኔም ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ወረታ እኔን የሚያውቀኝ በስድብ ነው እኮ!

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። አዎ፣ እጨምር ነበር። ምን ታፈጣላችሁ?

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔም አውቅ ነበር» አለች።

ነጋዴው ጀርባውን ሰጥቶን ካርቶኑን ማጣጠፍ ጀመረ። አንድ ካርቶን ለማጠፍ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው አላየሁም።

ስፒከሩን ገዛሁ። ነጋዴውንም «ይቅር በለኝ» አልሁት። በገዛ አፌ!

እናንተስ? ለሰው ስታነቡ ከራሳችሁ የምትጨምሩት የለም?

ጠባችን ያለቀው ዛሬ፣ ጥር 13 ቀን ነው።