ሊቀመንበሩ ከፊሽካው በፊት

ሳይሰበሰብ ደረጃ የማይወጣ ሰው በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ በየትኛውም ቤተሰብ አንድ አይጠፋም። ሁለት ሰው ካገኘ አጀንዳ ያወጣል፤ ሦስት ካገኘ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ብቻውን ከቀረ ደግሞ ከራሱ ጋር ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ይወስናል። እናንተ ይህን ሰው በአለቃነት ወይም በአማችነት ታውቁት ይሆናል። እኔ የማውቃቸው በዋና ዳኝነት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ዋና ዳኛ፣ ክቡር ሊቀመንበር።

ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው የምላቸው፤ ምላሴ ስለት ቢሆንም አንገቴ አንድ ነው።

የክቡርነታቸው አቋም አጭርና ግልጽ ነው። ጨዋታ የሚጀመረው ኳስ ሲወረወር ሳይሆን ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ዳኞች በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ስላችሁ ደግሞ ክፍል እንዳይመስላችሁ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ዕቃ ቤት ነው፤ አየር የጨረሱ ኳሶች፣ እግሩ የተሰበረ ዴስክ፣ የትውልድ ላብ የጠጣ የጂምናስቲክ ፍራሽ። በዚህ ቤተ መንግሥት ወለል ላይ ክቡርነታቸው ተንበርክከው በጠመኔ ሜዳ ይስላሉ። የጠርሙስ ክዳኖች ተጫዋቾች ናቸው፤ ቀዩ አጥቂ፣ ሰማያዊው ተከላካይ። ኳሱ ከአሮጌ ኮታቸው የወደቀ ቁልፍ ነው። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ይነሱና ይጠይቃሉ።

"ኳሱ የት ነው?"

"እዚህ" እላለሁ፣ ቁልፏን እያሳየሁ።

"ተሳሳትክ። ኳሱን ተመልካቹ ይየው። አንተ ተከላካዩን እይ።"

በዚህች ወጥመድ ስንት ቅዳሜ እንደወደቅሁ አልነግራችሁም።

አንድ ጊዜ የአዳራሹ ጣሪያ አፍስሶ ጨዋታው ተሰረዘ። ተጫዋቾቹ ሄዱ፣ ጥበቃው በሩን ሊቆልፍ ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣ። ክቡርነታቸው ግን ጠመኔያቸውን አልጣሉም። "የተሰረዘው ጨዋታው ነው፤ ዝግጅቱን ማንም አልሰረዘውም" አሉን። ታክሲ ስንሳፈር እንኳ ማን በየትኛው በር እንደሚወርድ አስቀድመን እንስማማለን። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ ከሆነ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል በሩን ማን እንደሚከፍት፣ ወንበር ማን እንደሚያቀርብ ውይይት አለ። "አንድ ቀን እንግዶቹ ሲደውሉ እኛ ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነበርን" አሉኝ፣ ድካምም ኩራትም ባለበት ድምፅ።

እዚህ ላይ ጥቂት ግለ ሂስ ማቅረብ ግድ ይለኛል።

ሁለት ተጫዋቾች ሲላተሙ ጥፋቱ የተከላካይ ከሆነ ዳኛው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ የአጥቂ ከሆነ መዳፉን በቡጢ ይመታል። ካቻምና እኔና አንድ ባልደረባዬ እኩል ነፋን። እኔ ወገቤን ያዝኩ፤ እሱ መዳፉን መታ። ለአንድ ግጭት ሁለት ፍርድ። ጎረቤቷን ልትሰድብ የወጣች ሴትዮ መስዬ ወገቤን ይዤ የቆምኩበት ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዞረ። አክስቴ ሳትቀር "ምነው ልጄ፣ ማን አናደደህ?" ብላ ደወለች። የዳኞች ኮሚቴ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ አሳረፈኝ። የመመለሻ ደብዳቤዬ ሁለት መስመር ነበረች፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ገምጋሚ ይቀመጣል፤ ያው ስህተት ከተደገመ ስሜ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ወረቀት ሳባዛ እውልና፣ ቅዳሜ ፊሽካ አንገቴ ላይ ሳንጠለጥል ብቻ ነው ለራሴ ሰው የምመስለው። ስለዚህ በመመለሻዬ ቀን፣ ለሴት ተማሪዎች ጨዋታ፣ ዕቃ ቤቱ የገባሁት ያችን ደብዳቤ ኪሴ ይዤ ነበር። ክቡርነታቸው ግን እንደ ወትሮው ሰዓታችንን በሰከንድ አስተካከሉ፣ ፊሽካችንን አስነፉ፣ የጫማ ክራችንን ፈተሹ።

"አጀንዳ አንድ፣ ግጭት። ሁለት ፊሽካ እኩል ከተነፋ ቡጢ፤ ዓይን፤ ከዚያ ፍርድ። ቡጢህን ወደ ላይ ታደርግና ትቆማለህ። ዓይኔን ታያለህ። አጥቂዋ የተነሳችው ከየትኛው ዳኛ ወገን ነው? እሱ ይፈርዳል። ሌላው ይውጠው።"

"ገባን ጋሼ" አልኩ።

"ከገባህ እናየዋለን።"

ፍራሹ ተከላካይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሦስተኛዋ ዳኛችን፣ በሥራዋ የክሊኒክ ነርስ፣ አጥቂ ሆና ተሾመች። እሷ ሮጣ ከፍራሹ ጋር ትላተማለች፤ እኛ ከግራና ከቀኝ እንነፋለን። በመጀመሪያው እጄ በቀጥታ ወገቤ ላይ ተገኘ።

"እጅህ ቸኮለ። እንደገና።"

በሁለተኛውም ቸኮለ። በአምስተኛው ቡጢዬን አነሳሁ፤ ዓይኔ ግን ፍራሹ ላይ ቀረ።

"ፍራሹ ምን ይነግርሃል? እኔን እየኝ። እንደገና።"

በሰባተኛው የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አቧራ ለብሰው ሲያለከልኩ አየች።

"ፍራሹ ምን አደረጋችሁ?"

"ጥፋት ሠርቷል እናቴ" አለች ነርሷ ትከሻዋን እያሸች።

ዘጠኝ ጊዜ። እኔም በልቤ የተቃውሞ መግለጫ አረቀቅሁ፤ ጭቁን ዳኞች ሆይ፣ ይህ ፍራሽ እስከ መቼ?

ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተናነቀ። አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀር የነጥብ ልዩነቱ አንድ ነበር። በዚያች ነጥብ የተቀደመው ቡድን ሰባት ቁጥር፣ እንደ ጥይት የምትሮጥ ልጅ፣ ከእኔ ወገን ተነስታ ወደ ቅርጫቱ ገባች። ረጅሟ ተከላካይ ፊቷ ቆመች። ተላተሙ፤ ሁለቱም ወደቁ። ሁለት ፊሽካ እኩል ጮኸ።

እጄ ወደ ወገቤ መንገድ ጀምሮ ነበር። እምላለሁ፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። ከዚያ ከፍራሹ የተማረው ቡጢዬ ሳላዘው ወደ ላይ ወጣ። ቀና ስል ክቡርነታቸው ከሜዳው ማዶ ቡጢያቸውን አንስተው እያዩኝ ነው። ግንባራቸው ላይ ምንም አይነበብም። አገጫቸውን ብቻ ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ያንተ ነው።

አንድ ትንፋሽ ነበር፤ በዚያች ትንፋሽ ግን ያየሁት ነገር መጣልኝ። ተከላካይዋን ነበር ሳይ የነበረው። ሁለት እግሯ ከግጭቱ በፊት መሬት ላይ ተተክለው ነበር። መዳፌን በቡጢ መታሁ፤ የአጥቂ ጥፋት።

ግማሹ አዳራሽ ረገመኝ፤ ግማሹ ሊያገባኝ የፈለገ ይመስል ነበር። ገምጋሚው አንዲት ነገር ጽፎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "የሚቀጥለው ቅዳሜ ምድብህን ተመልከት" አለኝ።

ዕቃ ቤት ስንመለስ ክቡርነታቸው ክዳኖቻቸውን በከረጢት እየለቀሙ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምን ሊሉ ነበር?"

"አጀንዳው ላይ የለም።"

በሩ ላይ ነርሷ ያዘችኝ።

"አሥር ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ" አለች። "ግጭት ሁልጊዜ ሰባተኛ ነጥብ ነው፤ አንዴ ተነግሮ ያልፋል። ዛሬ ትከሻዬ ለምን የበለዘ ይመስልሃል?"

"ለእኔ ነው እንዳትይኝ።"

"ከቅጣትህ በኋላ ካንተ ጋር ልመደብ ያለ ዳኛ አልነበረም፣ አንተ። ከእኔ ጋር አድርጉት ያሉት እሳቸው ናቸው።"



ባለፈው ቅዳሜ ክቡርነታቸው አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገዩ። ጉልበታቸው ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ሱሪዬ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ፣ ሜዳውን ስዬ ክዳኖቹን እየደረደርኩ ነበር። ነርሷ ዴስኩ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። እሳቸው ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ይህ መስመር ጠማማ ነው" አሉና ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። አስተካክለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተነሱ።

"ኳሱ የት ነው?"

መልሱን ካወቅሁት ዓመታት አልፈዋል።

"እዚህ" አልኩ፣ ቁልፏን እያሳየሁ።

ክቡርነታቸው በደስታ ተቆጡ።