እኔና የካፖርቱ ዘፈን ጡሩምባ

አንድን ካሴት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ቀስ በቀስ ራሱን ከዘፋኙ እኩል ባለቤት አድርጎ መቁጠሩ አይቀርም። ደግሞስ ምን አጠፋ? ዘፋኙ ያደረገው አንድ ሰሞን ስቱዲዮ ገብቶ መዝፈን ነው፤ ዘፍኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ድካም የደከምነው እኛ ነን። ጥቅልሉን በእስክሪብቶ ያጠነጠንነው እኛ፣ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን ነፍስ የዘራንበት እኛ፣ ክሩ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም ያጣበቅነው እኛ! ስለዚህ አድናቂ ሲባል አጨብጫቢ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አድናቂ ማለት ምስጋና ያልደረሰው ሠራተኛ ነው።

ይህን ሁሉ መንደርደሪያ ያመጣሁት ስለ ራሴ ማዕረግ ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው። እኔ የደባርቅ ጡሩምባ ነኝ።

ላስረዳ። «ካፖርቴን መልሽልኝ» የሚባል የድሮ ካሴት አለ። ዘፋኙን እኛ ጋ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ባለካፖርቱ ነው የምንለው። የዋናው ዘፈን ታሪክ አጭር ነው፤ አንድ ሰው በብርድ ቀን ለሚወዳት ልጅ ካፖርቱን ያለብሳታል፣ እሷም እንደለበሰች አውቶቡስ ላይ ወጥታ ትሄዳለች። በቃ። ቆላ ያለ ሰው ይህን እንደ ተራ የፍቅር ዘፈን ይሰማው ይሆናል። ደባርቅ ላይ፣ በሐምሌ፣ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ፣ ካፖርት ተወስዶበት የቀረ ሰው ከፍቅርም የከፋ ነገር ደርሶበታል። እንዲህ ይላል፦

ብርዱን ለምጄዋለሁ አድጌበት ደጋ፣
ካፖርቴን መልሽልኝ ሌላ እንዳይጠጋ።

ይህ ስንኝ እንዳለቀ መሣሪያው ሁሉ ቀጥ ይላል። ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ከሩቅ የአውቶቡስ ጡሩምባ «ጷ... ጷጷ!» ይልና ከበሮው ይከተላል። በእኛ አገር ሠርግ ላይ ይህች ቦታ የራሷ ሥርዓት አላት። ጸጥታው ሲመጣ ጨፋሪው ሁሉ ባለበት ይደርቃል፤ ትከሻውን የሰበቀ እንደሰበቀ፣ እጁን ያነሣ እንዳነሣ። ጡሩምባው ሲሰማ ዳሱ ይናወጣል። ካሴቶቹ እያረጁ፣ ጡሩምባውም እየደከመ ሲሄድ ታዲያ አንድ ሰው በአፉ ያግዘው ጀመር። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጉሮሮውን ያሠለጠኑልኝ የኔታ ናቸው። በልጅነቴ ዜማ እንድማር አባቴ ወስዶ ሲሰጣቸው፣ የዚህ ልጅ ድምፅ ከተራራ ተራራ ይሰማል ብለው ብዙ ተስፋ ጥለውብኝ ነበር። ተስፋቸው ጨርሶ አልከሸፈም። ድምፄ ዛሬም ከተራራ ተራራ ይሰማል፤ ብቻ የሚሰማው አውቶቡስ ሆኖ ነው።

ሚስቴን እቴነሽንም ያገኘኋት በዚሁ ሙያ ነው። የዳባት ልጅ ናት። አንድ ሠርግ ላይ ነፍቼ ስጨርስ ጠጋ ብላ፣ እየሄድኩ ይሁን እየመጣሁ ጠየቀችኝ። መምጣቴ ነው አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። በሌላው ቀን ጨነቅ ወደሚባለው የተራራ ካምፕ ለሚወጡ ቱሪስቶች ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ የሚሉትን የመኝታ ከረጢት አከራያለሁ፤ ሠርግ ላይ ግን ይህን ሥራዬን የሚያውቅልኝ የለም። «ጡሩምባው መጣ!» ይባላል፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ይለቀቅልኛል፣ ከጥብሱም ጥሩ ጥሩው ወደ እኔ ይገፋል። ክብር እንዴት እንደሚጥም የሚያውቀው የቀመሰው ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች ስለ ካሴቱ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ነው፤ አድናቂዎችን ለማነጋገር በየከተማው እየዞሩ ነው፤ ደባርቅም ይመጣሉ ተባለ። ከተማው ውስጥ ተስፋ የማያደርግ ሰው ጠፋ። እቴነሽ ካፖርቱን ይዛ የሄደችው ልጅ ተፈልጋ እንድትገኝ ተመኘች፤ ልትወቅሳት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልታደንቃት ኖሯል። «እኔ ካንተ እስካሁን ሻርፕ እንኳ ይዤ አልወጣሁም» አለችኝ። የዳባቱ አማቼ አባባ ተገኘ ደግሞ ጡሩምባው ዳባት ላይ የተነፋ መሆኑ በይፋ እንዲነገር ይጠብቁ ነበር። የደባርቅ አውቶቡስ ባዶውን ስለሚነሣ የሚነፋለት ሰው የለውም ባይ ናቸው። ጋሽ ሙላው ያለ እሳቸው ፊልሙ እንዴት እንደሚጀመር ሊገባቸው አልቻለም። መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው፣ ካሴቱን መጀመሪያ ወደ እኛ ያመጡ ሰው ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ድብ ባሕር ያለው ቅጂ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው።

የእኔ ተስፋ አንዲት ብቻ ነበረች፤ አገር ሁሉ እያየኝ አንድ ጊዜ መንፋት። ከዚያ ወዲያ ብሞትም ግድ የለኝም እል ነበር፤ እውነቴን ግን አልነበረም።

ልምምድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል በማር፤ ቀዝቃዛ ነገር እርም። ቤት ውስጥ እንዳልነፋ እቴነሽ ስለከለከለችኝ ከከተማው ወጣ ብዬ መንገድ ዳር ቆምኩ። እዚያ ላይ አንድ ነገር አላሰብኩም። የእኛ አገር በቅሎ መንገድ የምትጋራው ከመኪና ጋር ስለሆነ ጡሩምባ ስትሰማ ወደ ዳር መውጣት ለምዳለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ጷ... ጷጷ!» ስል የቱሪስት ጓዝ ጭነው ወደ ጨነቅ የሚወጡ በቅሎዎች ከኋላዬ ሲደርሱ አንድ ሆነ። ሁሉም እንደ ሥርዓታቸው ወደ ዳር ወጡ፤ ዳሩ ግን ቦይ ነበር። ድስት፣ ድንኳን፣ ድንች፣ የፈረንጅ ቦርሳ ተያይዞ ወረደ። ከነጂዎቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጭቃውን ከጋቢያቸው እየጠረጉ አዩኝና «ኧረ በሥላሴ ልጄ፣ መንፋቱንስ ንፋ፤ ፍሬን የለህም?» አሉኝ። ድንቹን ለቅሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። በልቤ ግን ደስ ብሎኛል። በቅሎ አይዋሽም፤ በቅሎን ያሳመነ ጡሩምባ ካሜራ ምን ይሳነዋል?

የፊልሙ ሰው ሶስና የምትባል ወጣት ሆና ተገኘች። ብርዱን ንቃ በሸሚዝ መጥታ ሱቄ ስትደርስ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ስለነበር ካሉኝ ስሊፒንግ ባጎች ወፍራሙን አለበስኳት፤ እስከ አንገቷ እዚያው ውስጥ ሆና ጠየቀችኝ። ጋሼ ስትለኝ ትንሽ ከፋኝ፤ ካሜራ ፊት ነውና ቻልኩት። ካሴቱ ለእኔ ምን ትርጉም እንዳለው ጠየቀችኝ። እኔም ለዚሁ ያዘጋጀሁትን ንግግር ለቀቅሁት። በዘፈኑ ውስጥ ትልቁ ሐሳብ ጡሩምባው መሆኑን፣ ሰውዬው ማልቀስ ስላቃተው አውቶቡሱ እንዳለቀሰለት፣ በዓለም ሙዚቃ ውስጥ እንዲህ ያለ አውቶቡስ እንደሌለ አብራራሁ። የዓለምን ሙዚቃ ከየት አወቅኸው አትበሉኝ፤ እሷም አላለችኝም። ከዚያ ተነሣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ነፋሁ።

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወረወረ። ሶስና ከስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ለአፍታ ጠፍታ ተመልሳ ብቅ አለች። «በጣም ደስ ይላል ጋሼ፤ ግን እሱ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ጡሩምባው ነዋ አልኳት። የቱ ጡሩምባ አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ስቱዲዮው ውስጥ የተቀመጠውን ዋናውን ቅጂ አሰማችኝ። ስንኙ አለቀ። ጸጥታው መጣ። ከበሮው ገባ። በመሃል ምንም የለም! ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። አሁንም የለም። ያንቺው ተቆርጦ ነው ብዬ ተቆጣሁና ጋሽ ሙላውን አስጠራሁ። ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ለፎቶ የተጠሩ መስሏቸው እየተጣደፉ ገቡ። ካሜራውን እጅ ነሥተው የእሷንም የእኛንም ቅጂ ሰሙ። ሰምተው ሲያበቁ ምንም ሳይደነግጡ ነገሩን ዘረገፉት።

«የመቅጃው ገመድ ተበጥሶብኝ ነበር» አሉ። «ሁለቱን ቴፕ አፍ ላፍ አስቀመጥኋቸው። በር ዘጋሁ። ሰውን ሁሉ ጸጥ በሉ አልኩ፤ እግዜር ይስጣቸው ጸጥ አሉ። የጎንደሩ አውቶቡስ ብቻ እንቢ አለኝ። ግን ምን ይላችኋል፣ ቦታውን አየት አድርጋችሁታል? እንዲህ ጥሩ ቦታ ላይ የገባልኝ ሌላ ነገር የለም።» ከዚያ ወደ ሶስና ዞረው፣ በፊልሙ ላይ ስማቸው ሲጻፍ አቀናባሪ እንዲባሉ አሳሰቡ።

እኔ አፈርኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተከበርኩበት ነገር ለካ የቀረ ተሳፋሪ የሚጠራ ሹፌር ኖሯል። የኔታ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙት ለዚህ ነው? ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። በማግሥቱ በመንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ሞልቷል ወይስ ቦታ አለ?» ይለኝ ጀመር። ከእንግዲህ ሠርግ ላይ አፌን የምከፍተው ለምግብ ብቻ ነው ብዬ ማልኩ።

መሐላዬ ሳይቀዘቅዝ የእቴነሽ ታናሽ እህት ዳባት ላይ ተዳረች። ሶስናም ሰው በዘፈኑ ሲጨፍር መቅረጽ ስለፈለገች አብራን መጣች፤ ስሊፒንግ ባጉን አልመለሰችልኝም፣ ለብሳው ነው የመጣችው። ዲጄው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ዋናውን ቅጂ ከእሷ ለምኖ ወስዷል። እኔ ዳሱ ጥግ፣ ምሰሶ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ዘፈኑ ጀመረ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ስንኙ አለቀ፣ ጸጥታው መጣ፣ ጨፋሪው እንደ ልማዱ ደረቀ። ከዚያ ከበሮው ገባ። ማንም አልተነቃነቀም። ከበሮው ይደልቃል፣ ሰው ቆሟል። ሙሽራው አንድ ትከሻው ወደ ላይ እንደቀረ ዓይኑን ብቻ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል፤ ሚዜዎቹ እጃቸውን እንዳነሡ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጀምሩ የሚላቸው ነገር የለማ! ዘፈኑ ማንንም ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፈ። ካሜራው ይቀርጻል። ሰው ሁሉ እንደደረቀ አባባ ተገኘ ከወንበራቸው ቀና ብለው «ምነው ልጆች፣ ዛሬ አውቶቡሱ የለም እንዴ?» አሉ።

እቴነሽ ምሰሶው ጀርባ ድረስ መጥታ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። ንፋው አለችኝ። አልነፋም፣ ዋናው ላይ የለም አልኳት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ዋናውን ማን ጠራው? የተጠራኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ሚስት ስላለችኝ አምላኬን አመሰገንኩ። ዲጄው ከመጀመሪያው እንዲያስነሣው በእጄ ምልክት ሰጠሁና ወደ መሃል ወጣሁ። ጸጥታው ሲመጣ ነፋሁት። እንደዚያ ነፍቼ አላውቅም። ዳሱ ተናወጠ፣ ሙሽራው ትከሻው ወረደለት፣ ሶስና በስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ሆና ስትዘል ወደቀችና ሁለት ሚዜዎች አነሧት፤ አባባ ተገኘም ጡሩምባው የዳባት መሆኑ ዛሬ ተረጋገጠ ብለው ለጎረቤታቸው ሲያስረዱ ሰማኋቸው።

ፊልሙ የታየ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደባርቅ አንድ ካፌ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ጋሽ ሙላው ከጎኔ ናቸው። እኔ በመጨረሻ ታየሁ፤ ጉንጬ አብጦ፣ ዓይኔ ፈጦ፣ ድምፄ ግን ጥርት ብሎ። ካፌው በጭብጨባ ተሞላ። ቀጥሎ ፊልሙ ላይ ባለካፖርቱ ራሱ መጣ። ሸምግሏል። ሶስና የሠርጉን ቀረጻ በስልኳ ታሳየዋለች። ትክ ብሎ አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ ሩቅ ተመለከተና «ያ ጡሩምባ ከመጀመሪያውም የእኔ ሐሳብ ነበር» አለ። «ያን ጊዜ የሚረዳኝ ሰው አጣሁና ስቱዲዮ ውስጥ አስቀሩት እንጂ።»

ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን ወርውረው «ቀጣፊ!» እያሉ ሲነሡ፣ በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አደረግኋቸው።

«ይተዉት እንጂ ጋሽ ሙላው» አልኳቸው፣ «ሰውዬው ገና አሁን እውነቱን መናገር ሲጀምር ለምን ያቋርጡታል?»