ፀሐይ ላይ የተሰጣ ልብ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምርበት ምላሴ እንደ ሰፈራችን ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሥራ። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «ማንደፍሮ ከማለ ሽሹ» እንደሚሉ አልክድም። ትምህርቴም ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረው ከንቲባው ሞተዋል ብዬ ተማሪውን በሙሉ ለቀብር ስላስወጣሁ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው።

ከሕልሙ በፊት አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ሽበሺ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሯል። ያን ጊዜ የሬዲዮ ባትሪ «ድንጋይ» ነበር የሚባለው፤ ድንጋይ ደከመ ተብሎ ደግሞ አይጣልም። የጋሼ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ እንደ በርበሬ ይሰጣል፤ እየተገላበጠ ሲሞቅ ይውልና ማታ ሬዲዮው ውስጥ ሲገባ አንድ ዜናና ሁለት ዘፈን ይወጣዋል። የሰፈሩ ሰው ድንጋዩን በክር አስሮ፣ ስሙን ጽፎበት ያመጣ ነበር። ከታች ቆሞ ጣራውን ያየ ሰው የማን ቤት ሬዲዮ እንደተራበ ያውቃል። አሁን ሁሉም የየራሱን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ብቻውን ይስቃል። ያን ጊዜ ግን ለመሳቅ እንኳ ድንጋይ ማዋጣት ነበረብን።

ከስምንት ዓመት በፊት የጋሼ ልብ ምት እየዘለለች አስቸገረችው። አዲስ አበባ ወሰድነው። ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ መሣሪያ ቀበሩለት። ልቡ ስትሰንፍ ጎሸም ያደርጋታል፤ በራሷ ስትሠራ ዝም ብሎ ድንጋዩን ይቆጥባል። ባለፈው ወር ደሴ የምትከታተለው ዶክተር ሰሚራ ማንበቢያውን ደረቱ ላይ አስጠግታ፣ «አባባ፣ ባትሪው ሦስት ወር ቢቀረው ነው። አዲስ አበባ ሄደው መሣሪያው በሙሉ ይቀየርልዎት» አለችው።

ጋሼ ቢላ ይፈራል። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ማንደፍሮ፣ ይኼ ነገር ፀሐይ ቢሞቅ አይነሣም?» አለኝ።

አፌ አያርፍም። «ታዲያ ከቆዳ ሥር ብቻ የቀበሩት ለምን መሰለህ? ፀሐይ እንዲያገኘው እኮ ነው» አልኩት።

ለመሳቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ከማግስቱ ጀምሮ ሸሚዙን ከፍቶ ግቢው ውስጥ ይሰጣ ጀመር። የአዲስ አበባውንም ቀጠሮ አስቀረ።

እንግዲህ ሕልሙ።

የድሮው ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፍ አለ። ፊት ላይ ፀሐይ ነጠላዋን ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አልኳት።

«በረደኝ። ሰው ልሞቅ ነው።»

«ተራሽን ጠብቂ» አላት ከኋላዋ የተሰለፈ ጃንጥላ።

ገባሁ። ሬዲዮዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አንድ ሽማግሌ ያዳምጣሉ። ሽማግሌው ዜና ያነባል። ዜናው ሲሰለቻቸው አንደኛው ሬዲዮ ተነሥቶ ጆሮውን ጠምዘዝ ሲያደርገው ሽማግሌው ትዝታ መዝፈን ይጀምራል። ሬዲዮዎቹ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «የድሮ ሰው እኮ ድምፁ ጥሩ ነበር» ይላሉ።

የመጠገኛው ጠረጴዛ ላይ ጋሼ ተንጋሏል። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ያ ጥቁር ጎፈሬው እንዳለ አለ። ደረቱ እንደ ሬዲዮ ክዳን ተከፍቷል። ስምንት ድንጋይ የሚበላው ትልቁ ሬዲዮ መነጽር አድርጎ ውስጡን ያያል።

«ይኼ የማን ነው?» አለኝ።

«አጎቴ ነው።»

«ስንት ድንጋይ ይበላል?»

«አንድ።»

«ሰው በአንድ ድንጋይ? ይኼማ ዜናውን ሳይጨርስ ይተኛል።» አጎንብሶ አሸተተው። «ፀሐይ ፀሐይ ይላል። ማነው ያሰጣው?»

ወደ በሩ ዞርኩ።

«እኔ የለሁበትም» አለች ፀሐይ ከበሩ።

ሬዲዮው መነጽሩን አወለቀ። «ከልብ ኃይል መሥሪያ ቤት ወረቀት አምጣ። ‹ይህ ድንጋይ በፀሐይ አይሞላም› የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። ያለሱ እጄን አልሰድም። ፍጠን፣ ድምፁ እየቀጠነ ነው።»

ሳልሄድ ደረስኩ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከረባት ያሰሩ ጸሐፊዎች ፋይላቸውን ታቅፈው ፀሐይ የሌለበት ሐሩር ላይ ተሰልፈዋል። ከመስኮቱ ውስጥ የሰፈራችን ቆሎ ሻጭ እትዬ አለሚቱ ተቀምጣ ጥርሷን ትፍቃለች። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ከቦርከና ወዲህ ያላችሁ ልቦች ሰኞና ረቡዕ፣ ከቦርከና ወዲያ ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ትመታላችሁ። ዓርብ ለጥገና ይቋረጣል።» ፈረቃው ያልደረሰው ሰው በያለበት ቆሟል። አንዱ ጎረምሳ ለአንዲት ልጅ ሊጠቅስ አንድ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀርቷል፤ ልጅቱ የወንዙ ማዶ ሰው ስለሆነች ሐሙስ ስትነቃ እሱ እንደቆመ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ጠብ ተያይዘው ጡጫቸውን እንደሰነዘሩ ደርቀዋል። ሚስቶቻቸው እስከ ረቡዕ ድረስ ሰላም ነው ብለው አጥሩን ተደግፈው ያወራሉ።

ጸሐፊዎቹን አልፌ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ማኅተም ፈልጌ ነበር።»

«የምታስመታው እውነት ነው ውሸት?»

«እውነት።»

«እውነት እዚህ አይመታም፣ ልጄ። ውሸት ካለህ ቶሎ በል፤ ለምሳ ልዘጋ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ቸግሮኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን አንዲት እንኳ አጣሁ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር እውነት ዱብ ይላል። «አጎቴን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀጠሮውን ያስቀረው በኔ ወሬ ነው» አልኩ። «ቢሞትብኝ የምገባበት የለኝም» አልኩ።

ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንዲህ ሙያ የሌለው ሰው ማን አስገባው?» አለ አንዱ።

እትዬ አለሚቱ መስኮቱን ስትዘጋው መስኮቱ መሰላል ሆነ። ወደ ላይ ወረድኩ። እዚያ ያ ቆርቆሮ ጣራ አለ። ያ ሁሉ ድንጋይ ጋቢውን ለብሶ እንደ ሽማግሌ ተሰይሟል። አንገታቸው ላይ አሁንም ክሩ አለ፤ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ስም ሳይቀር ይነበባል።

«የዚህን ልጅ ጥርስ አውቀዋለሁ» አለ አንዱ ወገቡን እያሻሸ። «ነክሶኛል።»

«ድንጋይ ሲነከስ ይነሣል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ይቅርታ» አልኩ። «አባቶቼ፣ እናንተ ፀሐይ ስትሞቁ ትነሡ ነበር አይደል? አጎቴም ይነሣል በሉኝ።»

ተያዩ። ከሁሉ የሸመገለው፣ ታቹ የዛገው፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ፀሐይ ምንም አልሰጠችንም፣ ልጄ። ውስጣችን የቀረችውን ትንሽ ትንፋሽ አሟሙቃ አስወጣቻት እንጂ። እናንተ ግቢው ውስጥ ተሰብስባችሁ ትጠብቁን ነበር። ‹እስቲ ይቺን ዘፈን ብቻ› ትሉ ነበር። እንዴት እምቢ ይባላል? ያለችንን ሰጠናችሁና ሞትን።»

ጣራው ከሥሬ ተከፈተና ጋሼ አጠገብ ወደቅኩ። እጁን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ዋሽቼህ ነው። ድንጋይህን ፀሐይ አይሞላውም» አልኩት።

በዚያ በጎልማሳ ፊቱ ፈገግ አለ። «ግድ የለም» አለኝ። «እኔስ ብሆን ስንቱን ባዶ ድንጋይ ‹ሞልቷል› እያልኩ ሰጥቻለሁ።»

ነቃሁ።

ነግቷል። ጫማዬን ሳላስር ወደ ጋሼ ቤት ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ እንደ ወትሮው ሸሚዙን ከፍቶ ተሰጥቷል፤ ዛሬ ግን ብቻውን አይደለም። ሦስት ጡረተኞች ከጎኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረታቸውን ገልጠው ተደርድረዋል። አንዱ ሪህ አለበት፤ አንዱ ስኳር። ሦስተኛው ምንም የለበትም፤ «ለሚመጣው ይሁነኝ ብዬ ነው» አለኝ። የጋሼ ሚስት እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆማ ገልመጥ አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼህ ነው» አልኩት። «ፀሐይ አይሞላውም። አዲስ አበባ መሄድ አለብህ።»

ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። «ዶክተሯ ላከችህ?»

«ማንም አልላከኝም። እውነቴን ነው።»

«አንተ?» አለና አራቱም ሳቁ። «ድንጋይ ፀሐይ እንደሚወድ አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው። ይልቅ ከፊቴ ዞር በል፣ ጥላህ አረፈብኝ።»

ለመንኩት። እናቴን ጠርቼ ማልኩ። «ከማለ ሽሹ» አለ ባለ ሪሁ። እትዬ ዘነቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው ምላሴ ወደ ነበረችበት የተመለሰችው።

«እሺ ይሁን» አልኩ። «ልነግርህ ያልፈለግኩት ነገር አለ። አዲሱን ሲቀብሩ አሮጌውን አውጥተው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ለሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ ጠረጴዛ አቅርበው፣ ‹እስቲ ፍታውና አሳየን› ይሉታል አሉ። እስካሁን የፈታው ሰው የለም።»

ጋሼ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ብሎን አለው?» አለኝ።

«አራት።»

«ቀጭን ካቻቢቴ ነው የሚፈልገው።» ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። «ዘነቡ፣ ያ የመሣሪያ ሣጥኔ የት ነው ያለው?»

ነገ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን። ለዶክተር ሰሚራ ደውዬላት ቦታ ታስይዝልናለች፤ አሮጌውን እንዲሰጡት እንድትለምንልኝም ነግሬያታለሁ። ጋሼ አሁን ካቻቢቴዎቹን በዘይት ይወለውላል፤ ባለ ስኳሩ እንዴት እንደሚፈታ ያማክረዋል።

የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ከአንዲት ነገር በቀር። በሕልሜ ጋሼ «ግድ የለም» አለኝ ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። ምንም አላለኝም። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ እንደዚያ ዘመን ሬዲዮ ቀጠነ፣ ቀጠነና፣ ጆሮዬን ከንፈሩ ላይ እንዳስጠጋሁ ነቃሁ።