ናፋቂው የፍራሽ ድርጅት

የሰው ልጅ ካፈራቸው ታላላቅ በጎነቶች አንዱ ደንበኛን ያለ ፈቃዱ መውደድ ነው። በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት አንድ የፍራሽ ድርጅት ነበር። «የደንበኛ ፍቅር መምሪያ» የሚባል ክፍል አቋቁሞ፣ አንዴ ፍራሽ የገዛውን ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን በኢሜይል ሲናፍቀው ይኖራል።

ከተናፋቂዎቹ አንዱ አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸና ሚስቱ ቀድማ አነሳችው።

«‹የኔ ጌታ፣ ምነው ጠፋህብኝ? ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያንተዋ እንቡጥ›» ብላ አነበበች። «እንቡጥ ማናት?»

«ማስታወቂያ ነው እኮ! ፍራሽ ሻጮች ናቸው።»

«ፍራሽም ትሸጣለች? ጉድ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙ የሚያድረው ሳሎን ሶፋ ላይ ሆነ። ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች፤ መልእክቱ ካልቆመ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ትገባለች። ሐኪሙ ሚስቱን ይወዳታል፤ ፈራ።

ድርጅቱ ግን በአሠራር የሚያምን ነው። መልእክት አልፈልግም የሚል ደንበኛ በቅድሚያ አካውንቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ሐኪሙ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። አዲስ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኮድ ደግሞ የሚላከው ወደ ድሮ ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ያንን ቁጥር ካጣው ቆይቷል፤ አሁን የሌላ ሰው ሆኗል። ቢጨንቀው ድርጅቱ ጋ ደወለ።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይግቡ» አለችው ሠራተኛዋ።

«መግባት አልቻልኩም አልኩሽ እኮ፣ የኔ እህት!»

«ታዲያ ያልገባ ሰው ከየት ይወጣል?»

እንዲህ ያለ ጥልቅ ፍልስፍና በነጻ የሚያድል ድርጅት ማግኘት መታደል ነው። ሐኪሙ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ መታው።

የቀረው መላ ኮዱን አስልኮ ድሮ ቁጥሩ ላይ መደወል ነበር። ያነሳችው ሴት ናት።

«እባክሽ፣ ባለቤቴ ሳትመጣብኝ ቶሎ በይ፤ አሁን የደረሰሽን ኮድ ንገሪኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሌባ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ዘወር ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

ሚስትየው ቦርሳዋን አነሳች። እናቷ ቤት ከመግባቷ በፊት ግን ያቺን ጉደኛ በዓይኗ ማየት አማራትና በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ገሰገሰች።

«እንቡጥን ጥሩልኝ!»

ከጠረጴዛው ጀርባ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ቦርጫም ጎልማሳ ብድግ አለ። «አቤት፣ እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?»

ሚስትየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንቡጥም የማያስከፋ ሰው ኖሮ፣ አንዲት ቁልፍ ነካ አድርጎ የሐኪሙን ስም ሰረዘላት። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የምትበቃው ያቺ ቁልፍ ብቻ ነበረች። «ለማረጋገጫ ያህል የእርስዎን ኢሜይል ይስጡኝ» አላት በትሕትና። ሰጠችው። ማታ ሐኪሙ በክብር ወደ አልጋው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት የጮኸው የሚስትየው ስልክ ነው። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ቀደመ።

«‹ዓይናማዋ፣ ምነው ጠፋሽብኝ? ሳላይሽ መዋል ከበደኝ። ናፍቀሽኛል። ያንቺው አንበሳ።› አየሽ እነዚህን ወሮበሎች? ዛሬውኑ ሄጄ አሰርዘዋለሁ!»

ሚስቱ ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው።

«ተው፣ እንዳትነካው! እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ናፍቀሽኛል ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»