የጋሽ ደምሴ የሙከራ ትምህርት

ክፍል ዝም ሲል ምን ማለት ነው? እርስዎና እኔ በተማርንበት ትምህርት ቤት መልሱ አያከራክርም፤ መምህሩ ተከብሯል ማለት ነው። የዝንብ ድምፅ የሚሰማበት ክፍል ያለው መምህር ደረቱን ነፍቶ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። ልጆቹ ገብቷቸው ይሁን ፈርተው ዝም ያሉት፣ ያጣራ ሰው አላውቅም።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ዳላስ መሀል ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ የከፈተው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ቻርተር ይሉታል፤ መንግሥት ይከፍላል፣ ዩኒቨርሲቲው ይመራል። በበሩ ሲገቡ ሁለት ዓይነት ተማሪ ያያሉ። ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት አሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ በትንንሽ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ያልቀረው ጎልማሶች ማስታወሻ ይይዛሉ። ጎልማሶቹ መምህርነት የሚሠለጥኑ ናቸው። አንዱ ጋሽ ደምሴ ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ አገር ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምረዋል። በዲቪ መጥተው ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ሰፈሩ፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭኑ ነበር። ወገባቸው እምቢ ማለት ሲጀምር ወደ ጠመኔያቸው ለመመለስ ተመዘገቡ። የቀራቸው አንድ የሙከራ ትምህርት ነው፤ ካለፉ መምህር፣ ከወደቁ ሻንጣ። የደረሳቸው አምስተኛ ክፍል ውስጥ የገዛ ልጃቸው ማህሌት ተቀምጣለች።

ለዘገባ ሄጄ ኋላ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ክፍልፋይ ማካፈል ነበር። «ሁለተኛውን ገልብጡ፣ ከዚያ አባዙ» አሉ። ልጆቹ ገለበጡ፣ አባዙ። ጸጥታ። ጋሽ ደምሴ ፊታቸው በራ። አሠልጣኛቸው ሚስ ካረን ወረቀት ሰጠቻቸው።

ካሮልተን ወዳለው ቤቴ ሊያደርሱኝ መኪናቸው ውስጥ ስንገባ ጮክ ብለው አነበቡት። «ማንም አልጠየቀም። ሐሙስ ይድገሙት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጥያቄ ከሌለ ገብቷቸዋል ማለት አይደለም እንዴ?»

«እኔ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ማህሌት ከኋላ ወንበር።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ቤት ‹ለምን› ስል ትቆጣለህ። ሶ፣ እዚህም የምትቆጣ መሰለኝ።»

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መኪናውን አስነሱ።

ሐሙስ ያው ሰሌዳ፣ ያው ሕግ። ማህሌት እጇን እስከ ትከሻዋ አነሳች፤ አባቷን አየች፤ አወረደች።

«ጠይቂ» አሏት።

«ለምንድን ነው የምንገለብጠው?»

ጋሽ ደምሴ ጠመኔውን አገላብጠው አዩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቃቸው የለም። «እኔም አስቤው አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀትና መቀስ አውጡ። ግማሽ ወረቀት ውስጥ ስንት ሩብ እንዳለ እንቁረጥና እንይ።» ክፍሉ ገበያ ሆነ። አሥራ አንድ ጥያቄ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ሚስ ካረን «አልፈዋል» ብላ ጻፈች።

ከወር በኋላ ደወልኩላቸው። «መምህርነቱ እንዴት ይዞዎታል?» አልኳቸው።

«ክፍሉስ ደህና ነው። የታመሰው ቤቴ ነው፤ ማህሌት ነጋ ጠባ ጥያቄ ናት። ለምን ቲቪ ይዘጋል፣ ለምን በዚህ መንገድ ነዳህ፣ ለምን ቸርች ሦስት ሰዓት ይቆያል! ትናንት መረረኝና ‹ዝም በይ!› አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለችዎ?»

«‹አባ፣ ሐሙስ ትደግመዋለህ።›»