የአቶ ወልደሥላሴ ሳቅ

በየከተማው አንድ ኮስታራ ሰው አይጠፋም። ሲመጣ ጨዋታ የሚቋረጥ፣ ሲሄድ ጨዋታ የሚቀጥል፤ ከእናቱ ማኅፀን ፊርማና ማኅተም ይዞ የወጣ የሚመስል ሰው። ጋምቤላም አልጎደለባትም፤ በደርግ ዘመን ክቡር አቶ ወልደሥላሴ ነበሯት።

አቶ ወልደሥላሴ ከጎሬ ተዛውረው የመጡ የእርሻ መሣሪያ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሙቀቱ ካድሬውን ሳይቀር በካናቴራ ሲያስኬደው እሳቸው ኮታቸውን አያወልቁም። አንድ ሠርግ ላይ ሚዜው የተቀመጠበት ወንበር ተሰብሮ፣ ሰውየው ከነሙሉ ልብሱ ወጥ ላይ ወደቀ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ሲደርስ አቶ ወልደሥላሴ ብድግ አሉና «ይሄ ምኑ ያስቃል?» ብለው፣ ወንበሩ ከየትኛው መሥሪያ ቤት በውሰት እንደመጣ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ «ይሄ ምኑ ያስቃል?» የከተማው መተረቻ ሆነ። ፊት ለፊት ደፍረው የሚስቁባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ እሙዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም ወባ ከወሰዳቸው ቆይቷል።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በጋ፣ አንድ ጠዋት መጋዘኑን ሲከፍቱ ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ እዚያው በሩ ሥር ተዘረሩ። መጋዘኑ ውስጥ ጫኝና አውራጅ የነበረው ጋትኩዋት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። ደም ብዛት ነው ተባለ። ሲወጡ ግራ እጃቸው እንደ ሰው ዕቃ ተንጠልጥሏል፣ ግራ እግራቸው አቧራውን ይጠርጋል፣ ምላሳቸው ከብዷል። ከተማው ይህን ሁሉ በአክብሮት ተቀበለው። ያልተቀበለው ሌላ ነገር ነበር፤ አቶ ወልደሥላሴ መሳቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሳቁት ዋል የሚባለው የመሥሪያ ቤታቸው ዘበኛ እናቱ ሲቀበሩ ነው። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ከደረታቸው አንድ ነገር ተነሣ። ስርቅታ መስሏቸው አፋቸውን ቢከድኑትም እየገፋ መጣና ሳቅ ሆኖ ወጣ፤ ረጅም፣ አገር የሚሰማው ሳቅ። በልባቸው ግን የእሙዬን ቀብር እያዩ ነበር። ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፤ ያን ግን ማንም ልብ አላለውም። የሚያስቅ ነገር ሲነገር ደግሞ በግልባጩ፣ ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ።

ሐኪሙ አስረድቷቸዋል። ሕመሙ የአንጎልን ልጓም ስላላላው ሳቅና ልቅሶ ያለ ፈቃድ ይወጣሉ፤ እብደት አይደለም፤ እንደ እጁና እንደ እግሩ ግን ለዓመታት አብሮ ሊኖር ይችላል ብሏቸዋል። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። ዕድሜ ልኩን ሰውን ሲቆጣጠር የኖረ፣ በምን አፉ «ሳቄ የኔ አይደለም» ይላል?

እሳቸው ዝም ቢሉ ከተማው ዝም አላለም። ደገኛው ጠበል ይሂዱ አለ። የጸሎት ቤቱ ሰው እጅ እንጫንባቸው አለ። ካድሬው፣ የሚስቁብንማ አውቀው ነው አለ። ጠያቂዎችም እየሳሱ ሄዱ። ሐዘን የሚያወሩላቸው ሳቃቸውን ፈሩ፣ ደስታ የሚያወሩላቸው ልቅሷቸውን ፈሩ፤ መሐል የተረፈው ወሬ የሙቀቱ ብቻ ነበርና እሱም ቶሎ አለቀ። ባሮ ዳር ከማንጎው ሥር ዳማ የሚጫወቱት ጓደኞቻቸው ቦታ ቀየሩ፤ የት እንደሄዱ የነገራቸው የለም። አንድ እሑድ ቅዳሴ መሐል ሳቁ ሲያመልጣቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ ለጥቂት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ፤ በኋላ እሱንም ተዉት። ሲመሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ የማይተኛውን የግራ ትከሻቸውን ሕመም በቀኝ እጃቸው እያሹ፣ የጎረቤቱን ጨዋታ በአጥር በኩል ያዳምጡ ነበር።

ያልራቀቻቸው የጋትኩዋት እናት ኛቾል ብቻ ነበረች፤ ዓሣ ሻጭ፣ አንድ ልጇን ይዛ የቀረች መበለት። ኛቾል በአማርኛ «እርስዎ» ማለትን አልለመደችም፤ ለቀበሌው ሊቀ መንበርም ለዓሣ አጥማጁም «አንተ» ነው የምትለው። የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ትመጣለች፤ አንድ እጅ እሾህ አያወጣምና ለቅማ ታቀርብላቸዋለች። ቢስቁም ቢያለቅሱም እጇ አይቆምም።

ቤተ ክርስቲያን መቅረት ይቻላል፤ የቀበሌ ስብሰባ መቅረት ግን አይቻልም። የሚቀር ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም ሳሙናም አያገኝም። እናም አንድ እሑድ አቶ ወልደሥላሴ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አለማየሁ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ወጣቶች ስም ማንበብ ጀመረ። ጋትኩዋት ተጠራ።

ያ ነገር ከደረታቸው ተነሣ። አቶ ወልደሥላሴ መሐረባቸውን ነከሱ፣ ጭናቸውን ቆነጠጡ። አልሆነም። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

ጓድ አለማየሁ ንባቡን አቆመ።

«ጓድ ወልደሥላሴ፣ የእናት አገር ጥሪ ያስቅዎታል?»

አይደለም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ይብሱን ገነፈለ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አስተካክለው ወደ እሳቸው መጡ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ተይዞ የቀረ ሰው ሁሉም ያውቃል፤ አጠገባቸው የነበሩት ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። ኛቾል ግን ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ልጇ ከተጠራ ገና አፍታው ነበር።

«ተወው» አለችው ሊቀ መንበሩን፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እየሳቀ አይደለም። እያለቀሰ ነው። ልቅሶውን በሽታ አበላሸበት። ለልጄ ነው የሚያለቅሰው። አንተ ልጄን ወሰድክ። የሚያለቅስልኝን ሰው አትውሰድ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ትቶ ዓይናቸውን አየ። እንባው እስከ ኮታቸው ኮሌታ ወርዶ ነበር። ጓድ አለማየሁ ጥበቃዎቹን በእጁ መለሳቸው፤ የቀሩትን ስሞች ፈጠን ፈጠን እያለ ጨረሰ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ወልደሥላሴ በከባዱ ምላሳቸው ማን እንደነገራት ጠየቋት። ማንም አልነገረኝም፣ ስትስቅ ዓይንህን ስለማይ ነው አለቻቸው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ ነገሯት። ቃላቱ እየተንከባለሉ፣ እየተሰናከሉ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ኛቾል አላቻኮለቻቸውም።

ምልምሎቹ በሚሄዱበት ቀን ከቤት ላለመውጣት ወስነው ነበር። ኛቾል መጥታ ደጃፋቸው ቆመች።

«ና፣ እንሸኘው።»

«እስቃለሁ።»

«ሳቅ፤ ምን አለበት።»

ምልምሎቹን በጫነው መኪና ዙሪያ እናቶች ይጮኻሉ፤ ፀጉራቸውን የተላጩት ልጆች ላዩ ላይ ተጠጋግተው መሬት መሬት ያያሉ። ሞተሩ ሲነሣ የአቶ ወልደሥላሴም ሳቅ ተነሣ። በዚህ ጊዜ መሐረብ አላወጡም። ጋትኩዋት ድምፁን ሰምቶ ቀና ሲል እናቱን ከአጠገባቸው አያት። መጀመሪያ ፈዘዘ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተፈታና እሱም ሳቀ፤ ከጎኑ የነበሩትም ተጋቡበት። መኪናው አቧራ እስኪውጠው ድረስ እየሳቀ እጁን ያወዛውዝ ነበር።

ጋትኩዋት አልተመለሰም። መርዶው ዘግይቶ መጣ፤ ለቅሶ ተቀምጦ ተነሣ፤ ሰውም እንደ ወጉ ኛቾልን እንዳያስለቅሳት እየተባለ የልጁን ስም መጥራት ተወ። እሷ ግን ስለ ልጇ ማውራት ሲያምራት አቶ ወልደሥላሴ በረንዳ ላይ ትመጣለች። ሕፃን ሳለ ከባሮ እንዴት እንዳወጣችው፣ ምን ይወድ እንደነበር ታወራለች። እሳቸው መሐል ላይ ሳቁ ይይዛቸዋል፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። እሷም እስኪወጣላቸው ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች።