ጋሼ መቀስና ሥራ ፈት ፎቶዎች

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው መነጽራቸው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስክሪን ለማየት መነጽሩን ያደርጋል፤ እሳቸው ያወልቃሉ። አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ፣ ከዚያ በሰው ስላይድ ላይ ይፈርዳሉ። ለምን እንደሚያወልቁ ጠይቄያቸው ነበር። ከኋላ የሚቀመጠው ሁልጊዜ መነጽሩን ቤት የረሳ ሰው ነው፣ ስላይድ የሚሠራውም ለእሱ ነው አሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የሥራ መደቡ ሌላ ነው፣ ደብዳቤ ላይ ስሙ አይጠቀስም፤ እሱ ስላይዱን ሳያይለት ስክሪን ፊት የቆመ ግን ጉዱ ይፈላል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ክቡር ጋሼ መቀስን ታድሏል። በወረቀት የአዳራሽ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ማይክ ይሞክራሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ፕሮጀክተር ያበራሉ። በተግባር ግን የፎቶዎች የሰው ኃይል አስተዳዳሪ ናቸው፤ ይቀጥራሉ፣ ያዛውራሉ፣ ጡረታ ያወጣሉ። ቃለ መጠይቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይሄ ፎቶ እዚህ ሥራው ምንድን ነው?» መልስ የታጣለት ፎቶ ሥራ ፈት ተብሎ በዚያው ይሰናበታል።

የሂሳብ ክፍል ኃላፊው አንድ ቀን የሠራተኞችን የጋራ ፎቶ ስክሪኑን እንዲሞላላቸው ብለው ከግራና ከቀኝ ጎተቱት። ዳይሬክተራችን እንደ ቁም ሳጥን ሰፉ፤ ሸንበቆ የምታህለው ጸሐፊም በአንድ ጊዜ ባለ ሦስት አገጭ ሆነች። ጋሼ መቀስ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ጌታዬ፣ ሰውን ከጎኑ አይጎትቱት። ማዕዘኑን ይያዙለት፣ ራሱ ተመጣጥኖ ያድጋል» አሉ። ጸሐፊዋ እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች።

የሥልጠና ክፍል ኃላፊዋ ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረደቻቸውን ሰዎች ይዛ መጣች። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጥርሳቸው እንደ ሸክላ ሳህን ያበራል፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል፤ ደረታቸው ላይ የፎቶ ሻጩ ድርጅት ስም በግራጫ ተጋድሟል። ጋሼ ብዙ ካዩአቸው በኋላ፣ «እነዚህ ልጆች እኛ ጋ መቼ ተቀጠሩ?» ብለው ጠየቁ። በማግሥቱ የራሷን ሠልጣኞች አንሥታ መጣች። አንዱ ያዛጋል። ጋሼ እሱን በደስታ ቀጠሩት፤ ቢያንስ የኛ ነው አሉ።

እየተሽከረከረ የሚገባ ፎቶ ካዩማ «ይሄንን ማን አጠጣው?» ይላሉ። ሰው ፊት ላይ ጽሑፍ የለጠፈውንም፣ ሴትዮዋ ምን በድላህ ነው ግንባሯ ላይ የጻፍክባት እያሉ ያሳፍሩታል።

ባለፈው ወር ተራው የኔ ሆነ። የምሠራበት የልጆች ማንበቢያ ክፍል የድሮ መዛግብት ማስቀመጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ቦርዱ ሐሙስ ሊወስን ነበር። ክፍሉን ለማትረፍ የተሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ነው። እኔም አርባ ስድስት ፎቶ በየስላይዱ ስድስት ስድስት አድርጌ አጭቄ፣ ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ዘንድ ቀረብኩ። የመጨረሻው የፀሐይ መጥለቂያ ነበር።

«ፀሐይዋ ሥራዋ ምንድን ነው?»

ተስፋ ናት አልኳቸው።

«እየጠለቀች እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ፀሐይዋ ተሰናበተች። በክፍሉ ምርቃት ቀን ሪባን የቆረጡት እንግዶችም ተከተሏት፤ ጋሼ በዚያ ፎቶ ውስጥ ልጅ ቢፈልጉ ከአንድ እንግዳ ክርን ሥር ግማሽ ጆሮ ብቻ ነው ያገኙት። አርባ ስድስቱም ሲያልቁ እንባዬ መጣ። ክፍሉ ሊዘጋ ነው፣ ታዲያ ምኑን ላሳያቸው አልኩ። እሳቸው ግን ሳልመርጣቸው የቀሩትን ሊያዩ ስልኬን ተቀበሉኝ። በጣታቸው ቀስ እያሉ ገፉ፣ ገፉና፣ የማፍርበት አንድ ፎቶ ላይ ቆሙ።

የክፍላችን በር መስታወት ነው። ጽዳት ክፍሉን ልከስበት ብዬ ያነሣሁት። በወገቤ ቁመት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የትንንሽ አፍንጫና የትንንሽ መዳፍ አሻራ ሞልቶታል፤ አንድ ቦታ የትንፋሽ ጉም ሳይቀር አለ። ልጆቹ ሳንከፍት ይመጡና መስታወቱ ላይ ተለጥፈው መጻሕፍቱን ያያሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ማታ ተወልውሎ ጠዋት ይመለሳል አልኳቸው። ስናገረው ለካ እኔም ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነበር።

ጋሼ ወደ ሥራቸው ገቡ። ከጎን የገባውን የመወልወያ እንጨት ቆረጡ፣ ከላይ ያለውን ጣሪያ ቆረጡ፣ ጨለም ያለውን ትንሽ አበሩት፤ አሻራዎቹ ስክሪኑን ሞሉት። እኔ ከሥሩ አንድ ስንኝ ቢጤ ልጽፍ ስል ከለከሉኝ።

«አንቺ አፍ አለሽ» አሉኝ። «እሱ የራሱን ይሥራ፣ አንቺ ደግሞ የራስሽን።»

ሐሙስ ያን አንድ ፎቶ አብርቼ ቆምኩ። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ፣ ይህ መስታወት ለምን አልጸዳም ብለው ጠየቁ። ማታ ጸድቶ ነበር አልኳቸው፤ ይህ ልጆቹ በር እስክንከፍት የጠበቁበት ነው። ሰብሳቢዋ ከፎቶው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ስንት ሰዓትስ ነው የምትከፍቱት አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ መዛግብቱ የተናገረ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው ተባለ። በራችንም አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲከፈት ተወሰነ።

ዞር ብዬ ወደ መጨረሻው ረድፍ አየሁ። ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ ነበር።

ሰዉ ሲወጣ የፕሮጀክተሩን ገመድ ክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ አገኘኋቸው። በስንቱ ሰው ስላይድ ላይ እጃቸው አለ፣ በአንዱም ግን እሳቸው የሉም። ስልኬን አውጥቼ፣ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላንሣዎት አልኳቸው።

«እኔ እዚያ ውስጥ ሥራዬ ምንድን ነው?»

መልሴን ግን አልጠበቁም፤ ፕሮጀክተሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በኮሪደሩ መንገድ ጀመሩ። ሮጥ ብዬ ከኋላቸው አነሣሁ። ተንጋዷል፣ ግማሹ ባዶ ግድግዳ ነው፣ ከክንዳቸው የወረደው ገመድ ወለሉን እየጠረገ ይከተላቸዋል።

የስልኬን ድምፅ ሰሙ መሰለኝ። ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ግድግዳው ይበዛል፣ ቁረጪው» አሉኝና እየተራመዱ ሄዱ።